ልቡ ለማን ነው የሚመታው?

ወንድሜ የተሳቢ ሹፌር ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይጭንና በደወሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይገባል። ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። አንዴ ሽቶ፣ አንዴ ቴምር፣ አንዴ ደግሞ ማንም ያላዘዘውን ነገር ይዞ ከተፍ ይላል። ያን ለት ያመጣው የበረዶ ሳጥን ነበር። ክዳኑን ሲከፍተው እናቴ አማተበች። በረዶው ላይ አንድ ትልቅ ሎብስተር ተጋድሟል። ረጃጅም አንቴናዎቹ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሳሉ።

«የባሕር ምግብ ነው እማዬ። ጅቡቲ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ለዚህ ስንት እንደሚከፈል ብታውቂ!»

«ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነገር እኔ ድስት ውስጥ አይገባም።»

ክርክሩ እዚያው አለቀ። እናቴ ዘሌዋውያንን ከጠቀሰች በኋላ ይግባኝ የለም። ቢላዋዬንም አላውስም አለች። ወንድሜ ትንሽ አኮረፈና ወደ ድርድር ገባ። ሥጋ ያለው ጅራቱ ለጎረቤቶቻችን ይሂድ፣ እነሱ ይበላሉ። የቀረው ለእኔ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ባሕር በሌለው አገር ስለ ባሕር እንስሳት ከሥዕል ላይ ሳስተምር ነው የኖርኩት። እንዲህ ያለ ነገር ቤት ድረስ ሲመጣ አይታለፍም።

ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጣውላ አስቀመጥን። ወንድሜ የጅቡቲ ዓሣ ሻጮች ሲያደርጉ እንዳየው ጭንቅላቱን ከመሃል ሰነጠቀው። ጅራቱን ጠምዝዞ ለየና በሳህን ለጎረቤት ላከ። እኔ ባሮጌ መቀስ የጀርባውን ቅርፊት ዙሪያውን ቆርጬ አነሳሁ። ከሥሩ ስስ ሽፋን አለ። እሱን ገለል ሳደርገው ነጣ ያለ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ትንሽ ከረጢት ብቅ አለ። ይመታል።

የሰፈር ልጆች ቀድመው ከበውናል። አንዷ «ደሙ የታለ?» ብላ ጠየቀች። ጣውላው ላይ የፈሰሰውን ውኃ መሳይ ነገር አሳየኋት። የሎብስተር ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ ነው። ስለዚህ ቀይ አይደለም። ኦክስጅን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ልጆቹ አላመኑኝም።

ወንድሜ ግን ዓይኑን ከልቡ ላይ አልነቀለም። ከበረዶ የወጣ ስለሆነ መጀመሪያ በዝግታ ነበር የሚመታው። የድሬ ሙቀት ሲያገኘው ፈጠነ።

«አቦ!» አለ። «ጭንቅላቱን እኔ ራሴ ሰንጥቄዋለሁ። ጅራቱ ጎረቤት ድስት ውስጥ ነው። ታዲያ ይሄ ልብ ለማን ነው የሚመታው?»

«ልብ በራሱ ነው የሚመታው» አልኩት። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

«በራሱ ከሆነ፣ እኛ ስንደነግጥ ምን ቤት ሆኖ ነው የሚሮጠው?»

ሳቅን። ልቡም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምቱ ተዛባና ቆመ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ደብተር ሳርም ይመጣል። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይመጣል። ሳስበው ወንድሜ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ማን ነው የሚያስመታው? ሁለተኛው፣ በራሱ የሚመታ ልብ ከቀረው አካል ጋር በምን ይነጋገራል? ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ልነሳ።

ዘጠኙ ሕዋሳት

የእኛን ልብ የሚያስመታው ነርቭ አይደለም፤ ራሱ የልብ ጡንቻው ነው። በስተቀኝ ከላይ ያለች ትንሽ የጡንቻ ክፍል ምቱን ትጀምራለች፣ ሌላው ይከተላል። ወደ ልብ የሚሄዱ ነርቮች በሙሉ ቢቆረጡ ምቱ አይቆምም። የሎብስተር ግን እንዲህ አይደለም። የእሱ ልብ የሚመታው ነርቭ ስላዘዘው ነው። ወንድሜ ጭንቅላቱን ሰንጥቆ ያላስቆመው፣ ያ አዛዥ ነርቭ ጭንቅላት ውስጥ ስለሌለ ነው። ልቡ ውስጥ ነው ያለው።

ከልቡ ጣሪያ ላይ በውስጥ በኩል የተለጠፈ ቀጭን የነርቭ ክር አለ። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኝ ብቻ! የሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊየን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እዚህ ግን ዘጠኝ ሆነው አንድን እንስሳ ዕድሜ ልኩን ያኖሩታል። አራቱ ትንንሾች ናቸው፣ ምቱን ይጀምራሉ። አምስቱ ትልልቆች ከነሱ ይቀበሉና ጡንቻውን ያዛሉ። የሚያዙትም ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ጡንቻው ላይ በመልቀቅ ነው። ግሉታሜት ሲነካው ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሲጠፋለት ይላላል። ከዚያ እንደገና።

አንቶን ካርልሰን የተባለ ስዊድን የተወለደ አሜሪካዊ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን ጉዳይ በሌላ እንስሳ አይቶታል። እንስሳው ሊሙለስ ይባላል። የፈረስ ኮቴ የሚመስል ጥንታዊ የባሕር ፍጥረት ነው። የዚህ እንስሳ የልብ ነርቭ ከልቡ ጀርባ ላይ በግልጽ ተዘርግቶ ስለሚታይ ልብ ሳይጎዳ መላጥ ይቻላል። ካርልሰን ላጠው። ልቡ ወዲያው ቆመ። በእንቁራሪት ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ለወንድሜ ግማሽ መልስ ይበቃዋል። ልቡ የሚመታው ለዘጠኙ ሕዋሳት ነው ማለት ነው። ግን ዘጠኙም ብቻቸውን አልተተዉም። ከዋናው ነርቭ የሚመጡ ሦስት ጥንድ ክሮች ይደርሷቸዋል። ሁለቱ ጥንድ «ፍጠን» ይላሉ። አንዱ ጥንድ ጋባ በተባለ ኬሚካል «ቀስ በል» ይላል። ሸርጣንና ሎብስተር ድንገት ሲረበሹ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይህ የመጨረሻው ነው። እኛ ስንደነግጥ ልባችን ይሮጣል። ሸርጣን ሲደነግጥ ግን ልቡ ለአፍታ ቀጥ ሊል ይችላል። እንደኔ ግምት መደበቅ ለሚሻ ፍጥረት ይሻለዋል፤ ግን ግምት ነው።

ከክሮቹ ሌላም መንገድ አለ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ እሱ ነው። የሎብስተር ደም እንደኛ ደም ዘወትር በቧንቧ ውስጥ አይሄድም። አካሉን ያዳርስና ልቡን ወደሚከብበው ክፍት ቦታ ይመለሳል። ከዚያ በቀዳዳዎች ወደ ልብ ይገባል። በዚህ መግቢያ ላይ መረብ የመሰሉ የነርቭ ጫፎች ተዘርግተዋል። ጫፎቹ የሚያርፉት ጡንቻ ላይ አይደለም፤ ደም ውስጥ ነው። ያላቸውን ኬሚካል ወደ ልብ ሊገባ በደረሰው ደም ውስጥ ያፈሱታል። የያዟቸውም ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚን፣ ኦክቶፓሚንና አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች ናቸው። ክሮቹ ለአንድ ሰው እንደሚደወል ስልክ ቢሆኑ፣ ይህ በድምፅ ማጉያ መለፈፍ ነው። የሰማ ሁሉ ይሰማል። ልብ ግን ከማጉያው ሥር ስለቆመ ቀድሞ ይሰማል።

ይህን መረብ እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ በሚገኘው የባሕር ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ፖላንዳዊው አሌክሳንድሮቪች በፈረንጆቹ 1953 ጽፎ አሳወቀ። ከመረቡ የተጨመቀው ፈሳሽ ልብን እንደሚያበረታ ታየ። በ1987 ደግሞ ከአንድ የባሕር ዳር ሸርጣን ይኸው መረብ ውስጥ ልብን የሚያነቃቃ ሰንሰለት ተለይቶ ተገኘ። ሰንሰለቱ ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች አሉት። ከዘጠኙ ሕዋሳት ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ለተማሪዎቼ እንዲህ እያልኩ ነው የማስታውሳቸው።

ልብ መሣሪያ የሆነበት ዘመን

ኬሚካል መልእክት ይዞ ይሄዳል የሚለው ነገር ዛሬ ለእኛ ቀላል ነው። መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ብንሄድ ግን ሳይንቲስቶች በዚህ ይጨቃጨቁ ነበር። ብዙዎቹ ነርቭ የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው ባይ ነበሩ። ኦቶ ሌቪ ነገሩን በሁለት የእንቁራሪት ልብ ለየው። ታሪኩን ራሱ ሲያወራው ሐሳቡ በሕልሙ መጣለት። ነቅቶ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና ተኛ። ጠዋት የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በሚቀጥለው ሌሊት ሕልሙ ሲመለስ ግን አልጠበቀም፤ ተነስቶ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

ያደረገው ይህ ነው። አንዱን ልብ ቬገስ ከተባለው ነርቭ ጋር ወሰደ። ነርቩን ሲነካካው ልቡ ቀዘቀዘ። ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ቀዳና ነርቭ በሌለው በሌላኛው ልብ ላይ አደረገው። ያም ቀዘቀዘ። በመካከላቸው ፈሳሽ እንጂ ሽቦ የለም። ይህን በ1921 አሳተመ። ኬሚካሉ አሴታይልኮሊን መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አይሁዳዊ ስለነበር ናዚዎች በ1938 አሰሩት፤ ከአገሩ ከመውጣቱ በፊት የሽልማቱን ገንዘብ አስረክብ ተባለ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከእንቁራሪቱ ይልቅ ይህኛው ነው የሚያናድዳቸው።

የባሕሩ ታሪክ የሚደምቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ክላም የሚባል በሁለት ክዳን ውስጥ የሚኖር ለስላሳ የባሕር እንስሳ አለ። ልቡ ትንሽ ናት፤ እንደኛው በጡንቻዋ ነው የምትመታው። ወጥታ የባሕር ውኃ ውስጥ ብትንጠለጠል ለሰዓታት መምታቷን አታቆምም። በክር ታስራ ከቀጭን ዘንግ ጋር ትያያዛለች። ዘንጉ ጥላሸት በተቀባ የሚዞር ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ምት ይጭራል። አሴታይልኮሊን ጠብ ሲደረግባት ጭረቱ ያጥራል ወይም ይጠፋል። ሴሮቶኒን ሲሆን ጭረቱ ይረዝማል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የግራም ጥቂት ሚሊየንኛ ክፍል ብትገባ እንኳ ታውቃለች። እንደዛሬው ዓይነት የኬሚካል መለያ ማሽን በሌለበት ጊዜ ከዚህች ልብ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ከባድ ነበር።

ቤቲ ትዋሮግ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ትማር በነበረ ጊዜ መምህሯ ጆን ዌልሽ በክላም ልብ የሚሠራ ሰው ነበር። እሷ የያዘችው ሌላ ዛጎል ለባሽ ነው። ይህ እንስሳ አንዴ ከተኮማተረ በኋላ ኃይል ሳያባክን ለረጅም ጊዜ እንደተኮማተረ የሚቆይ ጡንቻ አለው። ምን እንደሚያላላው ስትፈልግ ሴሮቶኒን ላይ ደረሰች። ሴሮቶኒን በ1948 ከደም ተለይቶ ሲወጣ የደም ሥር የሚያጠብ ነገር ተብሎ ነበር የታወቀው። ትዋሮግ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። በዛጎል ለባሽ ነርቭ ውስጥ መልእክተኛ ከሆነ፣ በእኛ አንጎል ውስጥስ ለምን አይኖርም?

በ1952 ክሊቭላንድ ወደሚገኘው የአርቪን ፔጅ ቤተ ሙከራ ሄደች። ፔጅ ሴሮቶኒንን ከደም ከለዩት አንዱ ነው። የክላም ልብ አንጠለጠለች። ከጡት አጥቢ እንስሳት አንጎል የጨመቀችውን ፈሳሽ ጠብ አደረገችባት። ጭረቱ ረዘመ። ውጤቱ በ1953 ታተመ። ዛሬ ድብርት፣ ጭንቀትና እንቅልፍ በተነሳ ቁጥር ስሙ የሚጠራው ሴሮቶኒን አንጎላችን ውስጥ መኖሩን ለዓለም ያሳወቀችው የባሕር ዛጎል ልብ ናት። እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ቆየሁ። የሰውን አንጎል ምሥጢር ለመስማት የተጠቀሙት አንጎል የሚባል ነገር በቅጡ የሌለውን ፍጥረት ልብ ነው።

መንገዱ በዚያ አላበቃም። በ1977 ፕራይስና ግሪንበርግ ከፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ክላም ውስጥ ልብ የሚያበረታ አዲስ ሰንሰለት ለዩ። አራት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ዘመዶቹ ከዚያ ወዲህ ከትል ጀምሮ በብዙ እንስሳት ውስጥ ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ሎብስተሩ ስንመለስ አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመናል። አሴታይልኮሊን የእንቁራሪትን ልብ ያቀዘቅዛል። የእኛንም ያቀዘቅዛል። የክላምንም ያቀዘቅዛል። የሎብስተርን ግን ያፈጥናል! ኬሚካሉ ያው ነው፤ አንዲት አቶም አልተለወጠችም። የተለየው ተቀባዩ ነው። በእኛ ልብ ላይ ያለው ተቀባይ አሴታይልኮሊን ሲነካው የሚያቀዘቅዝ በር ይከፍታል። በሎብስተር ግን መልእክቱ የሚደርሰው ለነርቭ ሕዋሳት ነው፤ እነሱን ያነቃቸዋል። ስለዚህ «ይህ ኬሚካል ልብ ያቀዘቅዛል» ብሎ ማስተማር ጎደሎ ነው። የማንን ልብ?

በርጫ ላይ

ወንድሜ እረፍት በሆነ ቀን ከሰዓት ቤት ውስጥ ፍራሽ ይዘረጋል። ጓደኞቹ ይመጣሉ። ዕጣን፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ኦቾሎኒ። እኔ አልቅምም፤ ቡናዬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ ደገኞች። ድሬ ላይ ብቅሉን በጫት መተካት ይቻላል። ምርቃና ሲመጣ ሁሉም ፈላስፋ ነው። ያን ለት ወሬው ልብ ላይ አረፈ።

«ይኸው ያዢው» ብሎ ወንድሜ እጁን ሰጠኝ። የእጅ አንጓው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ይጋልባል። ሌሊት ሲነዳ እንደዚህ እንደሚሆንበትና ጤና ጣቢያ ሄዶ «ቀንስ» እንደተባለም ነገረኝ። «ሎብስተሩስ ዘጠኝ ሕዋሳት አሉት። እኔን ማን ነው እያዘዘኝ ያለው?»

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነው የታወቀው። ከነርቭ ጫፍ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን እንዲለቀቁ ያስገድዳል። ኖርአድሬናሊን ለልብ «ሩጥ» የሚለው መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ሳይሮጡ፣ ሳይደነግጡ፣ መልእክቱ ብቻ ይደርሳል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። የአወዳይ ጫት ጅቡቲ እስኪገባ መኪናዎቹ ነፍስ ሳይሉ የሚበሩት ለዚህ ነው። ይህን ስል ሁሉም ሳቁ፤ የጫት መኪና መንገድ ላይ ያላባረረው ሹፌር የለምና።

«ሎብስተርስ ቢቅም?» አለ አንዱ።

ሎብስተር እንደኛ በኖርአድሬናሊን አይሠራም። የሱ ቦታ ላይ ያለው ኦክቶፓሚን ነው፤ የቅርብ ዘመዱ። ስሙን ያገኘው ከኦክቶፐስ ነው። ጣሊያናዊው ኤርስፓመር መጀመሪያ ያገኘው ከኦክቶፐስ የምራቅ ዕጢ ነበር። ነገሩ ከተነሳ፣ ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው። ሁለቱ ደም ወደ ስንጥቡ ይገፋሉ፤ ዋናው ደግሞ ለቀረው አካል። ሲዋኝ ዋናው ልብ ይቆማል። ለዚህም ይመስላል ከመዋኘት መሬት ለመሬት መሳብ የሚመርጠው። ይህን ስነግራቸው አንደኛው ጓደኛው «እኔም አንድ ልብ ይዤ መራመድ ሰልችቶኛል» አለ።

ከዚያ ወንድሜ አንድ ነገር ተናገረ። ምናልባት ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። «ሳልቅም ግን ልቤ ዝም ይላል» አለ። «ማንም አይነካውም። አርፎ ይቀመጣል።»

አይደለም! የሰው ልብ ማንም ሳይነካው ቢቀር በደቂቃ ወደ መቶ ጊዜ ገደማ ይመታ ነበር። ተቀምጠን ሳለ ወደ 70 አካባቢ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ያለ ማቋረጥ አሴታይልኮሊን ስለሚለቅበት ነው። ያረፈ ልብ መልእክት ያልደረሰው ልብ አይደለም። በየቅጽበቱ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» እየተባለ ያለ ልብ ነው። ሌቪ ያየው መልእክተኛ፣ የክላምን ጭረት ያሳጠረው መልእክተኛ፣ ወንድሜ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ምንም እየሆነ አይደለም ሲል ሥራ ላይ ነው።

ማስረጃው በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። አስተናግር የበላ ሰው ልቡ እንደሚጋልብ ሁሉም ያውቃል። አስተናግር ውስጥ አትሮፒን አለ። አትሮፒን ለልብ «ሩጥ» አይለውም። የአሴታይልኮሊንን ተቀባይ ዘግቶ «ቀስ በል» የሚለውን እንዳይሰማ ያደርገዋል። ጫትም ልብ ያስሮጣል፣ አስተናግርም ያስሮጣል። አንዱ በመጮኽ፣ አንዱ ጆሮ በመድፈን። ጣቱን አንጓ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም።

ወንድሜ ጥቂት አሰበና «እና አሁን እኔ ላይ ሁለቱም እየተጨቃጨቁ ነው?» አለ። አዎ አልኩት። ካቲኖኑ ይገፋል፣ ቬገስ ይጎትታል። እናቴ ከጓዳ ሆና «እኔም ቀንስ እያልኩት ስንት ዘመኔ፣ የሚሰማኝ ተቀባይ የለውም እንጂ» አለች። ለካ ስትሰማ ነበር።

ነርቭ የሌለው ልብ

ይህን ሁሉ አስቤ ክፍል ውስጥ የልብን ትምህርት ከሌላ ጫፍ ጀመርኩት። በታኅሣሥ 1967 ኬፕታውን ውስጥ ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረገ። በሽተኛው 18 ቀን ኖረ። ዛሬ እንዲህ ያለ ልብ ተተክሎላቸው ለዓመታት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ልቡ ከለጋሹ ሲወጣ ግን ነርቮቹ ይቆረጣሉ። የደም ሥር ይሰፋል እንጂ ነርቭ አይሰፋም። ስለዚህ አዲሱ ልብ አዲስ ደረት ውስጥ ገብቶ ብቻውን ይመታል።

ተማሪዎቹን ጠየቅኳቸው። እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ ሳለ ልቡ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? አብዛኞቹ ይዘገያል አሉ። የሚፈጥን ነው። «ቀስ በል» የሚለው ስለተቆረጠ በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ገደማ ይመታል። ሲነሳና ደረጃ ሲወጣስ? ወዲያው አይጨምርም። እግሩ ደረጃውን ይጀምራል፣ ልቡ ገና ባለበት ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ፤ አድሬናሊኑ ዞሮ ልብ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ይፈጥናል። ደቂቃዎች ይፈጃል። ሲያርፍም እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሰው እንቅስቃሴ ከመጀመርህ በፊት ቀስ ብለህ ተሟሟቅ የሚሉት ለዚህ ነው። ስልኩ ተቆርጦበት ማጉያውን ብቻ የሚሰማ ልብ ነው።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ስለዚህ ሰውየው ቀድሞ ይደነግጣል፣ ልቡ ደግሞ በኋላ ይደነግጣል?»

«እንደዚያ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

ሁልጊዜ አይደለም። ከዓመታት በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ ነርቮች ከሌላ አካባቢ ቀስ እያሉ ያድጉና ወደ ልቡ ይገባሉ። ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጥቂት ግን ይመለሳል። ይህን እየጻፍኩላቸው ሳለ ከኋላ ወንበር አንዱ «ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ።

«ይመጣል» አልኩት።